ካምፓላ ለእንቅልፋም እንግዳ

ደክሞት ካምፓላ ለሚገባ መንገደኛ ትልቁ ፈተና የመኪናው መጨናነቅ አይደለም፤ ተቀባዩ ነው። በተለይ ተቀባዩ ሐበሻ ከሆነ። ስንት ዓመት የናፈቃትን እህቱን ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ ሲወጣ ፕሮግራሙን ጨርሶ ነው የሚጠብቃት፦ ሻንጣ ሳይወርድ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ገበያ፣ ከገበያ ሐይቅ ዳር፣ ማታ ደግሞ ካባላጋላ የሚባለው ሰፈር። «እዚህ ድረስ መጥተሽማ ሳታዪ አትተኚም» ይላታል። እሷ ከዋሽንግተን ተነስታ 13 ሰዓት ገደማ በርራ አዲስ አበባ ያረፈች፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ሰዓት ያህል በአየር ላይ የቆየች ናት። ይሉኝታ ይዟት እሺ ትላለች። ሐይቅ ዳር የተጠበሰው ዓሣ ሲቀርብ ግን አንገቷ አልታዘዝ ይላታል፤ ሰው እያወራት ታንቀላፋለች።

ካምፓላ ለኛ ሰው ከጉብኝት ከተማነቷ ይልቅ መገናኛነቷ ይበልጣል። ካባላጋላና ካንሳንጋ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ አንዳንዱ ነግዶ፣ አንዳንዱ ተምሮ፣ አንዳንዱም የሦስተኛ አገር ጉዳዩ እስኪያልቅ እየጠበቀ። አሜሪካ ያለችው እህት ወንድሟን፣ ቶሮንቶ ያለው ልጅ እናቱን እዚህ ያገኛል። ከዓመታት በኋላ የሚገናኝ ቤተሰብ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ለቅሶውና ሳቁ ብቻውን ያደክመዋል። በዚያ ላይ ከተማ ሲጨመርበት ውሎው ከደስታ ይልቅ ፈተና ይሆናል።

ቤት ዘግቶ ተኝቶ መዋልም መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም የባሰ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ቦታ የሚመረጠው በዝናው ሳይሆን በጥላውና በብርሃኑ ነው ባይ ነኝ። ከሩቅ ምዕራብ ለመጣ ሰው ጠዋት ጣሪያ ያለው ቦታ፣ ከቀትር በኋላ ሰማይ ያለው ቦታ ይሻለዋል። ምክንያቱ ሰውነት ውስጥ ነው።

ሁላችንም የውስጥ ሰዓት አለን። ማዕከሉ አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ የተቀመጠ እጅግ ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው፤ ጊዜውን የሚያስተካክለውም በዓይን በሚገባው ብርሃን ነው። የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት ዙሩ ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ በርሮ ቀኑን ማስረዘም ይቀለዋል፤ ወደ ምሥራቅ በርሮ ማሳጠር ግን ይከብደዋል። ከአሜሪካ ወደ ካምፓላ የሚመጣ ሰው የሚሄደው በከባዱ አቅጣጫ ነው። ዋሽንግተንና ካምፓላ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚያደርጉበት ወቅት በ7 ሰዓት፣ በቀዝቃዛው ወራቸው በ8 ሰዓት ይለያያሉ። ዳላስ ላይ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ሰውነት ልዩነቱን የሚያካክሰው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነውና ጄት ላግ የሚሉት ይህ የሰዓት መዛባት በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚለቅ ነገር አይደለም።

የሚገርመው ክፍል ይኼ ነው። የሰውነታችን ሙቀት በጣም ዝቅ የሚልበት ሰዓት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከመንቃታችን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ። ከዚያ በፊት ያየነው ደማቅ ብርሃን የውስጥ ሰዓታችንን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያየነው ወደ ፊት ይገፋዋል። ዋሽንግተን ላይ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት የሚውለው ያ ዝቅታ ልዩነቱ 7 ሰዓት በሚሆንበት ወቅት ካምፓላ ላይ ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እናቶቻችን «ተነሺ ፀሐይ ሙቂ፣ ይለቅሻል» የሚሉት ምክር እውነትነቱ የሚጀምረው ከቀትር ወዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ተነስቶ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ የዋሽንግተን ሰው ሰውነቱን ወደ ዋሽንግተን እየመለሰው ነው። ጠዋት ጥቁር መነጽርና ጥላ፣ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ደግሞ ሜዳ ላይ።

ከለንደን ወይም ከፍራንክፈርት የመጣ ሰው ልዩነቱ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነውና ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ጠዋት ተነስቶ ይራመድ። ከጓንዡ ዕቃ ጭኖ የመጣ ነጋዴ የተጓዘው ወደ ምዕራብ 5 ሰዓት ስለሆነ ማታ ማታ በጊዜ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እሱ የሚፈልገው የማምሻ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰውማ ሰዓቱ ከካምፓላ ጋር አንድ ነው፤ ቢደክመው በሌሊት ወደ ቦሌ በመሄዱ ያሳብብ እንጂ ጄት ላግ አይበል።

ሰዓትን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ የምታጽናና ነገር አለች። ሉጋንዳ ተናጋሪውም እንደኛ የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለሱም 2 ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ያንኑ ሰዓት 8 ይለዋል። ድካም ባደነዘዘው ጭንቅላት ከሾፌር ጋር ቀጠሮ የሚያዝ ሰው ቁጥሩ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ አረጋግጦ ስልኩን ይዝጋ።

ካምፓላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ብዙም ርቃ ስለማትገኝ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከሰዓቷ ብዙም አትዛነፍም። የምትወጣውም የምትጠልቀውም በ12 ሰዓት ተኩልና በ1 ሰዓት መካከል ነው፤ ወቅት ቢቀያየር ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የአውሮፓን የሰኔና የሐምሌ ረጅም ምሽት የለመደ ሰው ይደነግጣል፤ እዚህ አመሻሽ የሚባለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፣ ወዲያው ይጨልማል። ሰዓቱን ለሳተ አካል ግን ይህ በረከት ነው። ቀኑና ሌሊቱ እኩል ናቸው፣ ድንበራቸውም ግልጽ ነው።

ከአውሮፓ የሚመጡ በርካታ በረራዎች ኢንቴቤ የሚያርፉት ማታ ነው። እንዲህ ላረፈ ሰው ካምፓላ ትቆየው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ካምፓላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተውና ከ2022 ጀምሮ የሚከፈልበት ፈጣን መንገድ ጉዞውን በጣም አሳጥሮታል፤ ያም ሆኖ ከተማው መግቢያ ላይ የሚጠብቀው መጨናነቅ አለ። ኢንቴቤ አድሮ በማግስቱ የዕፅዋት ማዕከሉን ማየት የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የተቋቋመ ነው፤ ቁልቁል ወደ ውኃው የሚወርድ ሣር፣ ዘመን የጠገቡ ዛፎች፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉ ጉሬዛዎች አሉት። ጉሬዛ ለኛ አዲስ አይደለም፤ እዚህ ግን ከከተማ ሆቴል በእግር ተደርሶ ይታያል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንም አለማድረግ ነውር የማይሆንበት ቦታ ነው።

ስለ መንገድ ከተነሳ አንዲት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኡጋንዳ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ኢትዮጵያም አሜሪካም በቀኝ ለምዶ ያደገ እግረኛ መንገድ ሲሻገር በደመ ነፍስ መጀመሪያ ወደ ግራ ያያል፤ መኪናው ግን በቀኙ ይመጣበታል። ንቁ ሰው እንኳ የሚሳሳተውን፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ካምፓላ ሮድ ላይ ብቻውን መሞከር የለበትም። በመጀመሪያው ቀን አስጎብኚው አንድ ሥራ ብቻ ቢኖረው፣ ሲሻገሩ ክንድ መያዝ ይሁን።

ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተር ሳይክሎችም ለሌላ ቀን ይደሩ። ፈጣን ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ከመጨናነቁ የሚያወጡትም እነሱ ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሚዛኑን መጠበቅ አለበት፣ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ ሚዛን የለውም። እንደ አዲስ አበባ ሁሉ «ታክሲ» የሚባለው ሚኒባሱ ነው፤ እኛ ኮንትራት የምንለውን እነሱ ስፔሻል ሃየር ይሉታል። ለመጀመሪያው ቀን ስፔሻል ሃየር ወይም በስልክ የሚጠራ መኪና ይያዝ፤ ገንዘብ የሚቆጠበው በሌላ ቀን ነው።

በጠዋት ለደረሰና ጥላ ለሚሻ ሰው ኪራ ሮድ ላይ ያለውን የኡጋንዳ ሙዚየም የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከሁሉም የሚቀድም ሙዚየም ነው። አሁን ያለበት ሕንፃ በ1954 የተከፈተ ሲሆን ንድፉን የሠራው ጀርመናዊው ኤርንስት ማይ ነው፤ በ1920ዎቹ የፍራንክፈርትን አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ያቀደው ሰው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ አገሩ መመለስ ያልቻለው ማይ ምሥራቅ አፍሪካ ገብቶ ዓመታት ኖሯል። ሕንፃው ዝቅ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ አየር የሚያስገባ ነው። ብርሃኑ ለዓይን ለስላሳ ነው፣ ሕዝብም አይበዛበትም።

ድካም የሚረሳው ግን የሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ሙዚየሙን የመራው የሙዚቃ ተመራማሪ ክላውስ ዋክስማን መሣሪያዎቹ በመስታወት ውስጥ ተቆልፈው ዝም እንዲሉ አልፈለገም፤ እየተመቱ፣ እየተገረፉ፣ እየተነፉ እንዲታዩ አደረገ። ያ ልማድ ዛሬም ይታወቅበታል፤ ባለሙያ ተገኝቶ ሲጫወት የደረሰ እንግዳ ዕድለኛ ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ዓይኑ የሚያርፈው ኤንዶንጎ ላይ ነው። ባለ ስምንት ክር ነው፣ በአርጃኖ ቆዳ የተለበጠ፣ ሁለት ክንድና ከላይ አንድ መስቀለኛ እንጨት ያለው። አስጎብኚው ስሙን ከመናገሩ በፊት ከኛ ወገን አንዱ «ክራር!» ማለቱ አይቀርም፤ አልተሳሳተም፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ድምፁ ግን ይለያል። ክራሩ ጥርት ሲል ኤንዶንጎው በክሮቹ እየተርገበገበ ያንዘፈዝፋል። አጠገቡ የሚቆመው አዱንጉ የሚባለው በገናም ክንዱ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው።

የሙዚየሙ ሌላው ክፍል በችኮላ ቢታይም ቅር አይልም። ጓሮው ውስጥ ግን የየብሔረሰቡ የጎጆ ዓይነቶች በዛፍ ጥላ ሥር ተሠርተዋል፤ ዓይን ሲከብድ ወጥቶ እዚያ መዘዋወር ይቻላል።

ዛፎቹ ላይ ቀና ሲሉ አባ ኮዳዎች ይታያሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አጠገብ ቆሞ የሚጠብቀው ያ ራሰ በራ፣ ከረጢት አንጠልጣይ ወፍ ካምፓላን የራሱ ከተማ አድርጓታል። ባንክ ጣሪያ ላይ ይቆማል፣ የአደባባይ ዛፍ ላይ ጎጆ ይሠራል፣ ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ እንደ ተቆጣጣሪ ይንጎራደዳል። ከዛፉ ሥር መኪና የሚያቆም የካምፓላ ሾፌር የለም፤ እንግዳም ከዛፉ ሥር አይቁም።

ምሳ ላይ ሉዎምቦ ይጠየቅ። ዶሮ ወይም ሥጋ በለውዝ ወጥ ሆኖ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል፣ ካምፓላ ያለችበት የቡጋንዳ መንግሥት ምግብ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በካባካ፣ ማለትም በቡጋንዳ ንጉሥ፣ በሙዋንጋ ወጥ ቤት እንደተጀመረ ይነገራል። ቅጠሉ ፊት ለፊት ሲፈታ የሚወጣው ሽታ የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል። አብሮት የሚመጣው ማቶኬ፣ ማለትም ተቀቅሎ የተፈጨው አረንጓዴ ሙዝ፣ ከባድ ነው፤ ሙሉውን የጨረሰ ሰው ከቀትር በኋላ የትም አይደርስም። ግማሹን ይበሉ። «ብሉ እንጂ እትዬ፣ ምነው ነካ ነካ አደረጋችሁት?» የሚል ጎትጓች ቢመጣም ግማሹን። ከቤት ውስጥ ይልቅ በረንዳ ወይም ግቢ ያለው ምግብ ቤት ይመረጥ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን መድኃኒት ነውና። ደመና ቢሆን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን ክፍል ውስጥ ካለው አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ካሸነፈ ይተኛ፤ ግን ስልክ ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ ተሞልቶ። ከዚያ ሲያልፍ ሰውነት ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፤ ከዚያ የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ከነበረበት የባሰ ይደነዝዛል። የሚቀሰቅሰው ሰው ጨካኝ ይሁን። እዚህ ላይ የሐበሻ ርኅራኄ ይጎዳል፤ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ብሎ በሩን የሚዘጋ ዘመድ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጣ እንድታድር እየፈረደባት ነው።

ለቀኑ ዋና ቦታ የምመርጠው የብዙ አስጎብኚዎች ዝርዝር ላይ ከታች የሚቀመጠውን ነው፤ ኪካያ ኮረብታ ላይ ያለውን የባሃኢ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ። በጋያዛ መንገድ፣ የካሌርዌን ገበያ ግርግር አልፎ ይገኛል። ካሌርዌ ላይ የሚባክነው ጊዜ ያማርራል፤ ሙዝ የተሸከመ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ፍራሽ የጫነ ሁሉ በመኪናው መስኮት ሥር ያልፋል። ከዚያ በር ተከፍቶ ወደ ግቢው ሲገባ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል። ግቢው 50 ኤከር ገደማ ነው። ሣሩ ተከርክሟል፣ ዛፎቹ ተራርቀው ቆመዋል፣ መሐል ላይ ባለ ዘጠኝ ጎን፣ ባለ ዘጠኝ በር ሕንፃ ከነጉልላቱ ተቀምጧል።

ታሪኩ ያልተለመደ ነው። ባሃኢዎች በዚያን ጊዜ ሊሠሩ ካሰቧቸው ቤተ መቅደሶች አንዱ ለቴህራን የታሰበ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ኢራን ውስጥ ስደት ሲበረታባቸው በምትኩ ካምፓላ ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። በጥር 1961፣ ኡጋንዳ ነፃ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ተመረቀ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው የባሃኢ ቤተ መቅደስ ነው። ኢዲ አሚን በ1977 በርካታ የሃይማኖት ድርጅቶችን ሲያግድ ባሃኢም አብሮ ታገደ፤ አገዛዙ በ1979 እስኪወድቅ ድረስ ቤተ መቅደሱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከተገደሉት ውስጥ በአፍሪካ ባሃኢዎች ዘንድ እጅግ የሚከበረው ኡጋንዳዊው ኤኖክ ኦሊንጋ አንዱ ነው። ሣሩ ላይ ጋደም ያለ ሰው ይህን ሁሉ ላያስታውስ ይችላል፤ ማወቁ ግን ዝምታውን ከመናፈሻ ዝምታ ይለየዋል።

እዚህ ማንም አይቸኩልም፣ ማንም ዕቃ ሊሸጥ አይጠጋም፣ ማንም ወደሚቀጥለው ክፍል አይነዳም። ውስጡ ሲገባ ዝም ይባላል፣ ፎቶ አይነሳም። ጸሎታቸው በመሣሪያ አይታጀብም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ወጥቶ ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ድረስ ግቢውን መዞር፣ ተቀምጦ ማውራት፣ እንደገና መዞር ነው። ዓመታት ያልተገናኘ ቤተሰብ የሚያወራው የማያልቅ ነገር አለው፤ ለዚያ ጨዋታ ከተጨናነቀ ምግብ ቤት ይልቅ ይህ ሣር ይመቻል። ከአዲስ አበባ በተነሳ በረራ ወደ ቀትር ገደማ ኢንቴቤ ያረፈ መንገደኛም ሙዚየሙን ትቶ ሻንጣውን አስቀምጦ ቀጥታ እዚህ ቢመጣ ምንም አይቀርበትም።

ዝናብ ሲመጣስ? ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ኃይለኛ ነው፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚነሳው ነጎድጓድና መብረቅ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ብዙ ጊዜ ግን መጥቶ ያልፋል፤ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው።

የሆነው ሆኖ ቡናው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ኡጋንዳ የሮቡስታ አገር ናት፤ ተክሉ በደኖቿ ውስጥ የበቀለ የራሷ ነው፤ አረቢካውን በኤልጎንና በሩዌንዞሪ ተራሮች ታበቅላለች። ሮቡስታ ውስጥ ያለው ካፌይን ከአረቢካው እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። «ቡና ለምጃለሁ፣ እኔን አይነካኝም» የሚል የይርጋ ጨፌና የሐረር ጠጪ እዚህ ሒሳቡ ይፋለስበታል። ካፌይን ከጠጣነው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ደማችን ውስጥ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣም ማለት የጭካኔ ሕግ ነው፣ አውቃለሁ፤ ማታ የሚፈላውን ሦስተኛውን በረካ የጠጣ ሰው ግን በረካውን የሚያገኘው ጎህ ሲቀድ ነው።

ዝነኞቹስ ቦታዎች? ካሱቢ የሚገኘው የካባካዎች መቃብር የካምፓላ ዋና ቅርስ ነው፤ ለዚህም ነው ለመጀመሪያው ቀን የማይሆነው። ካባካ ሙቴሳ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1882 ቤተ መንግሥት አድርጎ አሠራው፣ በ1884 ሲሞት መቃብሩ ሆነ፤ ከሱ በኋላ ሦስት ካባካዎች እዚያው አርፈዋል። ዩኔስኮ በ2001 መዘገበው፣ መጋቢት 2010 ተቃጠለ፣ ከረጅም ግንባታ በኋላ በመስከረም 2023 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። የሣር ጣሪያው ከውስጥ የተሸከሙት 52 ቀለበቶች የ52ቱ የቡጋንዳ ጎሳዎች ናቸው። ይህን የሚያብራራ አስጎብኚ ፊት ማዛጋት ሰውየውንም ቅርሱንም ማዋረድ ነው። ኦልድ ካምፓላ ያለው የኡጋንዳ ብሔራዊ መስጊድም እንዲሁ ይቆይ። ኢዲ አሚን የጀመረው፣ በጋዳፊ ገንዘብ ያለቀው ይህ መስጊድ ሚናራው ላይ ያሉት ደረጃዎች ከ300 በላይ ናቸው፤ ጫፉ ላይ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች፣ ግን የመንገደኛ እግር በበረራው ላይ አብጧል። ኦዊኖ ገበያና የታክሲ መናኸሪያዎቹ ደግሞ መርካቶን ለለመደ ሰው አያስፈሩም፤ ኪሱን የሚጠብቅ የነቃ ዓይን ግን ይጠይቃሉ።

ወደ ማምሻው መኪናው በሜንጎ በኩል ይዙር። ከካባካው ቤተ መንግሥት ከሉቢሪ እስከ ቡጋንዳ ምክር ቤት፣ እስከ ቡላንጌ የሚሄደው ቀጥ ያለ መንገድ መሐል ላይ አደባባይ አለ። ሕዝብ ሁሉ አደባባዩን ዞሮ ያልፋል፤ ካባካው ግን አይዞርም፣ አደባባዩን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቅ ለሱ ብቻ የሚከፈት በር አለው። በ1966 የያኔው የአገሪቱ መሪ የሚልተን ኦቦቴ ጦር በኢዲ አሚን መሪነት ይህን ቤተ መንግሥት ደበደበ፤ ካባካ ሙቴሳ ዳግማዊ አምልጦ በ1969 ለንደን ሞተ። ቡጋንዳን ጨምሮ የአገሪቱ ንጉሣዊ መንግሥታት በ1967 ተሻሩ፣ በ1993 በባህላዊ ሥልጣን ተመለሱ። በሩ ዛሬም ንጉሡን ይጠብቃል። ከመኪና ሳይወርዱ የሚታይ ታሪክ ነውና ለደከመ ሰው የተሠራ ይመስላል።

ከዚያ ናሚሬምቤ ኮረብታ ነው። ቀዩ የጡብ ካቴድራል ከ1915 እስከ 1919 የተሠራ ሲሆን ከሱ በፊት የነበረው በ1910 በመብረቅ ተቃጥሏል። ግቢው ውስጥ በ1885 ወደ ቡጋንዳ ሲመጣ በካባካ ሙዋንጋ ትእዛዝ የተገደለው ጳጳስ ጄምስ ሃኒንግተን አርፏል። ወደ ውስጥ ባይገባም ቅር አይልም፤ የሚፈለገው ደጁ ነው። ካምፓላ የተመሠረተችባቸው ኮረብታዎች ሰባት ናቸው ይባላል፤ ዛሬ ከተማዋ ስንት ኮረብታ ላይ እንደተዘረጋች ለመቁጠር ማንም አይደክምም። ከናሚሬምቤ ሲታዩ ግን አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ሩባጋ ላይ የካቶሊኮቹ ካቴድራል፣ ኦልድ ካምፓላ ላይ መስጊዱ፣ ሜንጎ ላይ ንጉሡ። ሁሉም የየራሱን ኮረብታ ይዞ ይተያያል፣ በመሐል ባሉት ሸለቆዎች ደግሞ መኪናው ተጠላልፎ ይጮኻል። ተቀባዩ ሙሉ ቀን እየነዳ ሊያሳያት የነበረውን ከተማ እንግዳዋ እዚህ ቆማ ታየዋለች። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

እራት በጊዜ ይሁን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ። ካባላጋላ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እንጀራቸው ጥሩ ነው፤ ሽሮና አታክልት ለዚያች ማታ ይበቃሉ፣ ክትፎው ለነገ ይቆይ። መኝታ ግን ካባላጋላ አይያዝ። ሰፈሩ ማታ ነው የሚነቃው፤ ሙዚቃው፣ የቦዳ ቦዳው ጥሩምባ፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ በድምፅ ማጉያ የሚያድረው ጸሎት አያስተኛም። ኮሎሎ፣ ቡጎሎቢ ወይም ሙዬንጋ ከፍታው ላይ ይሻላሉ። ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናትና እንደ አዲስ አበባ ከወባ ነፃ አይደለችም፤ የደከመ ሰው ሳያስበው ልብሱን እንደለበሰ እንዳያሸልብ አጎበሩ አስቀድሞ ይዘርጋ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መንቃት አይቀርም። ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነውና እዚያ የቀሩት ዘመዶች በትክክል በዚያ ሰዓት ይደውላሉ፦ «እንዴት ገባሽ? እማዬ እንዴት ናት? እስቲ በቪዲዮ አሳዪኝ!» ስልኩ ሳሎን ይደር። መብራት ሳያበሩ፣ ሳይበሉ፣ ሰዓት ሳያዩ ጋደም ብሎ መቆየት ነው፤ እንቅልፍ ባይመጣ እንኳ ጨለማው ሥራውን ይሠራል። በማግስቱ ካሱቢን ለማየት ከ5 ሰዓት በፊት መውጣት የለም፤ ጥቁር መነጽሩም አሁንም ይደረጋል። ሱሪ የለበሱ ሴቶች እዚያ ከወገብ በታች የሚታሰር ጨርቅ ያስፈልጋቸዋልና ነጠላ ያላት ነጠላዋን ትያዝ።